ሰማያዊ ገመድ

ኔትወርክ ከጠፋ አምስተኛ ወር ሞላው፤
ስልኬ ቀን ሰዓት ነው፣ ማታ ማታ ኩራዝ፤
ሥራ የፈታ እግሬ፣ መድረሻ ያጣው፣
ሽምብጥን አቋርጦ ጣለኝ ከእነ አሊጋዝ።

አሊጋዝ ታንኳ ያስራል፤
ጉልበቱን ከደንገል ነዶው ላይ ተክሎ፣
ገመዱን በጥርሱ ነክሶ፣ በእጁ ከፍሎ፣
ሲስበው እርጥቡ ደንገል ይንጫጫል
እንደ አዲስ የቆዳ ጫማ። ልጅ ይመጣል፣
መንገደኛ ይቆማል፣ ዓሣ ሻጭ ይቆማል፤
ማንንም ዞር በል አይልም። ሁሉም ያያል።

"ሰው ቀድቶ ቢወስድብህስ?" አልኩት።
ቀና አላለም። "ደንገል ወር፣ ሁለት ወር ነው ዕድሜው፤
ይበሰብሳል። እኔም እንደዚያው።
ቋጠሮውን ሸሽጌ ብሞት
ልጆቼን ማን ሊያሻግር ነው?"

እኔም አንድ ሰሞን ደጄን ከፍቼ ነበር፤
ለአጥማጆች ስለ ነፋስ የሚናገር፣
ከሰዓት በኋላ ማዕበል ሳይነሳ
ቀድሞ የሚጮህ፣ ተኝተው ከሆነ የሚቀሰቅስ፣
ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ፣
ኮዱን እንዳለ ዘርግፌ
"ውሰዱት" ብዬ ነበር፤ ያለ ቁልፍ፣ ያለ በር።
አንድ ሌሊት፣ ስሙን የማላውቀው ሰው፣
አገሩ ነግቶ ይሁን መሽቶ የማላውቀው፣
መቶ አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ
ስሕተቴን ሲያይ
አርሞልኝ ሄደ፤
አመሰግናለሁ እስክል አልቆየ፣ ሻይ እንኳ አልጠጣ።
ጠዋት አልጋዬ ላይ ብቻዬን ሳቅኩ፤
እንግዳ ቤቴን ጠርጎልኝ የወጣ
ያህል ነበር የመሰለኝ።

ግን የተከፈተ በር እንግዳ አይመርጥም።
በዚያው በር የገባ ሌላ፣ በስሙ ሸጠው፤
ሌላው የሐሰት ማዕበል ነዛበት፣
ሰው በጠራራ ፀሐይ መረቡን ሰብስቦ ሮጠ።
እንቦጭም እንዲሁ ነው የመጣው፤
አበባው ወይን ጠጅ፣ ሲያዩት የሚያምር፣
ማን እንዳስገባው ማንም የማይናገር።
ሐይቅ በር የለው። ርብ ሲገባ፣ ጉማራ ሲገባ
መታወቂያ አይልም፤
ጭቃውንም ዓሣውንም ተቀብሎ ዝም።
ስንት ሌሊት "ልዝጋው" አልኩ፤ ስንት ሌሊት ተውኩት፤
ጣና በሩን ቢዘጋ
ዓባይ ከየት ይወጣል?

አሊጋዝን ቀናሁበት፣ ልንገራችሁ።
እሱ ታንኳውን ያውቃታል እስከ ጭራዋ፣ እስከ ቋጠሮዋ፤
እኔ ግን ይሄን በኪሴ ያለውን፣
አንዱ መስተዋቱን፣ አንዱ ባትሪውን፣
አንዱ የቁጥሩን ጫካ ጥግ ጥጉን፣
ሺህ ሰው በቁራጭ ያውቀዋል፤
ሙሉውን የሚያውቅ እናት አልወለደችም።
"አንተ ታድለሃል" አልኩት፣ "የሠራኸውን ታውቃለህ።"
ሳቀብኝ። "ደንገል ለምን እንደሚንሳፈፍ አውቃለሁ እንዴ?
እሱን ደንገል ይወቀው።
የእኔ ማሰር ነው።"

ያኔ ነው ያየሁት፤ ከታንኳዋ አፍንጫ ላይ፣
በልጥ ፈንታ የተጠመጠመ፣ ልክ እንደ ሰማይ
ሰማያዊ፤ አንድ ቢሮ ሲፈርስ የተጣለ
የኔትወርክ ገመድ!
"ይሄ አይበሰብስ" አለኝ፤ "ደንገሉ ሲያልቅ
ፈትቼ ለሚቀጥለው።
ምን ያመላልስ ነበር?"
"ወሬ" አልኩት። "ደብዳቤ፣ ፎቶ፣ የባንክ ሒሳብ፣ ስድብ።"
"በዚህ በቀጭኑ?"
"በዚህ በቀጭኑ።"
ጫፉን አንስቶ ወደ ጆሮው አስጠጋ፤ አዳመጠ።
"ዝም ብሏል።"
"አምስት ወሩ።"

ምናልባት ያ ሰው፣ የትም ይሁን የት፣
ዛሬም አንዱን መስመሬን አርሞ ልኮልኛል፤
መንገድ ላይ ነው፣ አልደረሰኝም።

"ነይ ያዢው" አለኝ አሊጋዝ፤ "እጅ አይበቃም።
ስስበው እንዳትለቂ፣ እንዳይላላ፣ እንዳይሳሳ።"
በጥርሴ ነከስኩት፤
የፕላስቲክ ጣዕም አለው፣ ትንሽም የዓሣ።